የተሰረዙት መስመሮች፦ «ክፍት ኮድ ባለቤት የለውም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ የሙያ ባልደረባችን የጻፉት ጽሑፍ በፕሮግራመሮችና በድምፅ ባለሙያዎች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ እኔም ጋ ደረሰ። ጸሐፊው ለስልክ የሚሆን የድምፅ መቅጃ መተግበሪያ ሠርተዋል። በውስጡ ያለውን ሪቨርብ ኦዳሲቲ ከተባለው ነፃ የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ወስደው፣ ከሲ ፕላስ ፕላስ ወደ ረስት የፕሮግራም ቋንቋ አዛወሩት። ሪቨርብ የምንለው የስቱዲዮ ሰዎቻችን በልማድ «ኢኮ» የሚሉትን ነው፤ በጠባብ ክፍል የተቀዳን ድምፅ በሰፊ አዳራሽ ወይም በቤተ መቅደስ ውስጥ የተሰማ ያስመስለዋል። ጸሐፊው ይህን ካደረጉ በኋላ በፋይሉ አናት ላይ የነበሩትን የደራሲ ስምና የፈቃድ መስመሮች ሰርዘው፣ የራሳቸውን ስም ተክተው፣ ሥራውን ብዙ ግዴታ በማይጥለው የኤምአይቲ ፈቃድ ለሕዝብ ለቀቁት። «ይህ ተገቢ ነው ወይ?» ተብለው ሲጠየቁ መልሳቸውን በረጅም ጽሑፍ ሰጡ።

የመከራከሪያቸው ፍሬ ነገር ይህ ነው። ክፍት የሆነ ኮድ የሁሉም ነው። ወደ ሌላ ቋንቋ የተዛወረ ኮድ አዲስ ሥራ ነው። የድምፅ ኢፌክት ሒሳብ ነው፣ ሒሳብም ባለቤት የለውም። ምንጩን «ስለ መተግበሪያው» በሚለው ገጽ ላይ መጥቀስ ይበቃል። በመጨረሻም የፈቃድ ነገር ጠበቃ ያላቸው የሀብታም አገር ድርጅቶች ጉዳይ እንጂ የእኛ አይደለም።

ጸሐፊው በክፉ ሐሳብ እንዳልተነሱ ከአጻጻፋቸው ይታያል። ኮዳቸውን ለብቻቸው አልያዙትም፣ ለሌሎች አካፍለዋል። ዝም ማለት ያቃተኝ ጽሑፉን እንደ መመሪያ የያዙ ወጣቶች ስላጋጠሙኝ ነው። አንድ ተማሪ «ከላይ ያለውን ስም ካጠፋሁት በኋላ የእኔ ይሆናል አይደል?» ብሎ በሙሉ ልብ ሲጠይቀኝ፣ የተጻፈ ነገር በሰው አእምሮ ውስጥ ምን ያህል በፍጥነት ሥር እንደሚሰድ አየሁ።

«ክፍት ኮድ የሁሉም ነው» በሚለው ልጀምር። ክፍት ምንጭ የሚባለው ኮድ ከሞላ ጎደል ሁሉም የቅጂ መብት ያለው ኮድ ነው። እንድንቀዳው፣ እንድንለውጠውና እንድናሰራጨው መብት የሚሰጠን ፈቃዱ ብቻ ነው። ፈቃድ ያልተጻፈበት ኮድ በአደባባይ ቢቀመጥም ልናነበው እንችል ይሆናል እንጂ በራሳችን ሥራ ውስጥ ከትተን ልናሰራጨው አንችልም። ስለዚህ የፈቃዱን መስመር ከፋይሉ አናት የሚሰርዝ ሰው የሚሰርዘው ራሱ የቆመበትን መሬት ነው።

የእኚህ ጸሐፊ ጉዳይ ደግሞ በተለይ የሚያስቆጭ ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት አባቶች «ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» እንዳሉት የዚያን ሪቨርብ የትውልድ ሐረግ ማየት ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በጁን 2000 «ጄዛር» በሚል ስም የሚጠራ የድሪምፖይንት ፕሮግራመር ፍሪቨርብ የተባለ ኮድ ጽፎ ለቀቀ። በፋይሎቹ አናት ላይ ስሙንና ወሩን ከጻፈ በኋላ ኮዱ የሕዝብ ሀብት፣ ማለትም ማንም እንደፈለገ ሊጠቀምበት የሚችል፣ መሆኑን በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር አስታወቀ። አሠራሩ ለመረዳት አይከብድም። ለግራውም ለቀኙም ጆሮ ስምንት ስምንት ኮምብ ፊልተሮች ጎን ለጎን ይሰለፋሉ፤ ከእነርሱ የወጣው ድምፅ ተደምሮ በአራት ኦልፓስ ፊልተሮች ውስጥ ተራ በተራ ያልፋል። ኮምብ ፊልተር ድምፁን ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይዞ ያቆያል፣ ትንሽ ያዳክመዋል፣ ከዚያ እንደገና ወደ ራሱ ይመልሰዋል። ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተላተመ የሚደክም ድምፅ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 ከነፃው የድምፅ ማቀነባበሪያ ፕሮግራም ከሶክስ ገንቢዎች አንዱ ይህንኑ ንድፍ መሠረት አድርጎ በሲ ቋንቋ እንደገና ጻፈው። የራሱን ነገሮች ጨመረበት፣ ፋይሉንም በኤልጂፒኤል ፈቃድ አወጣው፤ ይህ ፈቃድ ኮዱን ለውጦ የሚያሰራጭ ሰው በዚያው ፈቃድ እንዲያሰራጨው ያስገድዳል። በኋላ ያ ሥራ ወደ ኦዳሲቲ ተሻገረ። ኦዳሲቲ በጠቅላላው በጂፒኤል፣ ማለትም ይህንኑ ግዴታ በመላው ፕሮግራም ላይ በሚጥለው ጠንካራ ፈቃድ፣ የሚሰራጭ ፕሮግራም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ከጂፒኤል ሁለተኛ እትም ወደ ሦስተኛው ተሸጋግሯል። የሪቨርቡ ሞተር የተጻፈበት ፋይል ግን ከሶክስ ሲመጣ ይዞት የመጣውን የኤልጂፒኤል 2.1 ምልክት እንደያዘ ነው። ከሥሩም የፊልተሮቹ ንድፍ በጄዛር ፍሪቨርብ ላይ የተመሠረተ መሆኑን የሚናገር መስመር አለ። በሌላ በኩል ጁስ በተባለው የድምፅ ሶፍትዌር መሥሪያ ውስጥ ያለው ሪቨርብም የፍሪቨርብን ስልትና ቁጥሮች የተከተለ ነው፤ እርሱም በጁስ ፈቃድ ሥር ይገኛል።

እንግዲህ ለጆሮ ከሞላ ጎደል አንድ የሚመስል ኢፌክት በአንዱ ቤት የሕዝብ ሀብት፣ በሌላው ቤት ኤልጂፒኤል፣ በሦስተኛው ቤት ደግሞ ሌላ ነው። ፈቃድ የሚከተለው የተቀዳውን ፋይል ነው። የኢፌክቱ ስምም ሆነ የድምፁ መመሳሰል አይወስነውም። ከመጀመሪያው የጄዛር ኮድ የቀዳ ሰው ሥራውን በኤምአይቲ ሊለቀው ይችላል። ከሶክስ ወይም ከኦዳሲቲ የቀዳ ሰው ግን አይችልም፤ ምክንያቱም የጨመረውን ሰው ድካምም አብሮ ወስዷል። ጸሐፊው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሰው ቢሆን ኖሮ የፈለጉትን ሁሉ በሕጋዊ መንገድ ማግኘት ይችሉ ነበር። ወደዚያ የሚመራቸው አድራሻ ደግሞ የተጻፈው እሳቸው በሰረዙት መስመር ላይ ነበር።

ወደ ሌላ ቋንቋ ማዛወርን በተመለከተ ብዙ አልልም። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመ ልብ ወለድ ላይ እያንዳንዱ ቃል አዲስ ነው፤ የተርጓሚው ድካምም እውነተኛ ነው። ሆኖም መጽሐፉ የደራሲው መሆኑን ማንም አይክድም፣ ያለ ደራሲው ፈቃድም ትርጉሙ አይታተምም። የእኛው አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍና ከጋዜጣ ጽሑፍ ጋር በአንድ ተራ አስቀምጦታል፤ ሥራን የመተርጎምና የመለወጥ መብትንም ለሥራው አመንጪ ሰጥቷል። ከሲ ፕላስ ፕላስ ወደ ረስት መስመር በመስመር የተዛወረ ኮድ ከዚህ አያመልጥም። ጸሐፊው «ረስት ማኅደረ ትውስታን የሚይዝበት መንገድ የተለየ በመሆኑ ብዙ ነገር ለውጫለሁ» ብለዋል። እውነት ነው፣ ለውጠዋል። ለለወጡት ክፍል የእሳቸው ስም ይጻፍ፤ ያልለወጡትን የሠራው ሰው ስም ደግሞ ባለበት ይቆይ። ኤልጂፒኤልም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ የለወጠ ሰው መለወጡንና የለወጠበትን ቀን በፋይሉ ላይ በግልጽ እንዲጽፍ ያዛል።

ሦስተኛው ነጥባቸው፣ የሒሳቡ ነገር፣ ከሁሉም ጠንካራው ነው፤ ግማሹንም እቀበለዋለሁ። ሐሳብ፣ አሠራርና ቀመር በቅጂ መብት አይጠበቁም። የእኛ አዋጅም ይህን በግልጽ ይላል፤ የሌሎች አገሮችም ሕግ እንዲሁ። ኮምብና ኦልፓስ ፊልተሮችን አዋህዶ ሰው ሠራሽ ማስተጋባት መፍጠርን ማንፍሬድ ሽሮደር ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ሳለ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጽፎ አሳትሞታል። ጆን ዳቶሮ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጽሑፍ ደግሞ የአንድ ሙሉ ሪቨርብ ሥዕላዊ መግለጫ እስከ እያንዳንዱ ማቆያ (ድምፁን ይዞ የሚያዘገየው ክፍል) ርዝመት ድረስ ተቀምጧል። 142፣ 107፣ 379፣ 277 እያለ ይቀጥላል፤ ቁጥሮቹ በሰከንድ 29,761 ናሙና፣ ማለትም የድምፅ ልኬት፣ ለሚወስድ መሣሪያ የተሰጡ ናቸው። ያን ጽሑፍ አንብቦ የራሱን ኮድ የጻፈ ሰው የፈለገውን ፈቃድ መምረጥ ይችላል፤ ብዙዎችም እንደዚያ አድርገዋል። ጸሐፊው ያደረጉት ይህን ቢሆን ኖሮ እኔም ይህን ምላሽ አልጽፍም ነበር።

ነገር ግን ከቀመር መነሳትና ከኮድ መቅዳት ይለያያሉ፤ ልዩነቱም በዓይን ይታያል። አንድ ምሳሌ ጠጋ ብለን እንይ።

እውነተኛ ኦልፓስ ፊልተር ድምፁን በጊዜ ይበታትነዋል እንጂ ቀጭኑንም ወፍራሙንም በእኩል መጠን ያሳልፋል፤ ስሙም የወጣው ከዚህ ነው። በመማሪያ መጻሕፍት ያለው ቀመር በትክክል ይህን ያደርጋል። የፍሪቨርብ «ኦልፓስ» ግን በጥብቅ ስሌት ኦልፓስ አይደለም። ጄዛር ከማቆያው በሚወጣው ድምፅ ላይ አሁን የሚገባውን ይቀንሳል፣ ውጤቱንም ወደ ውጭ ያወጣል። ወደ ማቆያው ደግሞ የሚገባውን ከማቆያው ከወጣው ድምፅ ግማሽ ጋር ደምሮ ያስቀምጣል። ወረቀት ይዞ ላሰላው ሰው፣ ይህ አሠራር እውነተኛ ኦልፓስ የሚሆነው የመመለሻው መጠን፣ ማለትም ወደ ማቆያው የሚመለሰው ድርሻ፣ 0.618 ገደማ ሲሆን ብቻ ነው። ፍሪቨርብ ውስጥ ያለው ግን 0.5 ነው። ለጆሮ ደስ የሚል አቋራጭ መንገድ ነው፣ ቢሆንም የአንድ ሰው ምርጫ ነው። ከሽሮደር ጽሑፍ ተነስቶ በራሱ የሚጽፍ ሰው እዚህ ላይ በአጋጣሚ አይደርስም።

የጸሐፊውን የረስት ኮድ ከፍቼ አየሁት። አራቱም ኦልፓሶች ያንኑ አቋራጭ ተከትለዋል፤ መጠኑም ያው 0.5 ነው። የኮምቦቹ ማቆያ ርዝመቶችም እንደ ፍሪቨርቡ በናሙና ሲቆጠሩ በ1116፣ 1188፣ 1277፣ 1356 ጀምረው እስከ 1617 ይሄዳሉ።  ከዚህም አልፎ «የክፍል ስፋት» የሚለው መቆጣጠሪያ የማቆያዎቹን ርዝመት ራሱን ያሳጥራል። ይህ በመጀመሪያው ፍሪቨርብ ውስጥ የለም፤ እዚያ ርዝመቶቹ የማይነኩ ሲሆኑ የሚለወጠው የመመለሻው መጠን ብቻ ነው። ርዝመቱን ከክፍሉ ስፋት ጋር አብሮ ማሳነስ የመጣው ከሶክሱ ጸሐፊ ነው። ስለዚህ ኮዱ በየትኛው ቤት በኩል እንዳለፈ ራሱ ይናገራል፣ ሌላ ምስክር አያሻውም። «ሒሳብ ነው የወሰድኩት» የሚለው አባባል እዚህ ላይ አይቆምም። የተወሰደው የሰዎች ውሳኔ ነው፤ ጆሯቸውን ሰጥተው፣ ሞክረውና ጥለው፣ እንደገና ሞክረው የመረጡት። (ቁጥሮቹ ለብቻቸው በቅጂ መብት ይጠበቃሉ ወይ ብሎ መከራከር ይቻላል። እኔ የማነሳቸው ከየት እንደመጡ ስለሚያሳዩ ብቻ ነው።)

«ስለ መተግበሪያው በሚለው ገጽ ላይ ኦዳሲቲን አመስግኛለሁ፤ ይበቃል» የሚለው አራተኛው ነጥብ ፈቃዶቹን ካለማንበብ የመጣ ይመስለኛል። ከሁሉም የላላው ኤምአይቲ እንኳን ምስጋና አይደለም የሚጠይቀው። የቅጂ መብቱ ማስታወቂያና የፈቃዱ ጽሑፍ ራሱ ከእያንዳንዱ ቅጂ ወይም ከሥራው ጉልህ ክፍል ጋር እንዲሄድ ነው የሚጠይቀው። ጂፒኤልና ኤልጂፒኤል ደግሞ ተቀባዩም ያው መብት እንዲኖረው ይፈልጋሉ። ኦዳሲቲን አመስግኖ ኮዱን በሌላ ፈቃድ ማውጣት፣ የተከራየውን ቤት ባለቤቱን እያመሰገነ በራሱ ስም የሚሸጥ ሰው ሥራ ነው።

የስሙ መስመር ለክብር ብቻ የተቀመጠም አይደለም። ይህን ከራሴ የሥራ ገጠመኝ ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የበገና ቀረጻ ላይ እሠራ ነበር። ቀረጻው በሰከንድ 96,000 ናሙና የተያዘ ነው። ለማስተጋባቱ የተጠቀምኩበት ኮድ የአንድ አነስተኛ ፕሮጀክት ሲሆን፣ አናቱ ላይ ከፕሮጀክቱ ስም በቀር ምንም የለበትም፤ ማብራሪያዎቹም በሙሉ ተጠርገዋል። በገናው በትልቅ ቤተ መቅደስ ውስጥ እንዲሰማ ፈልጌ፣ የምሰማው ግን በቆርቆሮ ማሰሮ ውስጥ የተደረደረ በገና ነበር። ሁለት ሌሊት ፊልተሮቹን ስነካካ አደርኩ። በሦስተኛው ቀን ቁጥሮቹን ሳይ 1116ን አወቅሁትና የጄዛርን ኮድ ፈልጌ ከፈትኩ። ቁጥሮቹ በተዘረዘሩበት ፋይል ውስጥ፣ ከቁጥሮቹ በላይ፣ እሴቶቹ በሰከንድ 44,100 ናሙና ታስበው የተሰጡ እንደሆኑ፣ ለ48,000 ሳይሆኑ እንደማይቀሩ፣ ለ96,000 ግን መመጠን እንዳለባቸው በግልጽ ተጽፏል።

ስሌቱ ቀላል ነው። 1116 ናሙና በ44,100 ሲካፈል ከ25 ሚሊ ሰከንድ ትንሽ ይበልጣል፤ በ96,000 ሲካፈል ግን 12 እንኳን አይሞላም። አዳራሹ ከግማሽ በታች ሆኖ ተኮማትሮ ነበር። የመጀመሪያው ሰው ይህን አስቀድሞ አይቶ፣ ለማያውቀው ሰው ሲል ጽፎ አስቀምጦ ነበር። በመካከል ያለ አንድ ሰው የደራሲውን ስም ለማጥፋት ሲል ፋይሉን ጠራርጎ አጸዳውና ያ ምክር እኔ ዘንድ ሳይደርስ ቀረ። ከዚያ ቀን ወዲህ የምቀዳው ፋይል አናት ላይ ያለውን አንዲት ቃል አልነካም።

በአገራችን የቅኔ ቤት ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ሲያነሳ «የእገሌ ቅኔ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ስሙ ክብር ብቻ አይደለም፤ ሰሚው ምሥጢሩን ለመፍታት ወደ የትኛው ጉባኤ ቤት መሄድ እንዳለበት ይነግረዋል። በኮድም እንዲሁ ነው። ስህተቱ የታረመው፣ ማብራሪያው የተጻፈው፣ ጥያቄ የሚጠየቀው በምንጩ ዘንድ ነው።

ይህን በሚገባ የያዙ ሰዎች አሉ። ኤሚሊ ጊሌ በሚውተብል ኢንስትሩመንትስ ስም የሠራቻቸው የሞዱላር (እርስ በርስ እየተገጣጠሙ የሚሠሩ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ) መሣሪያዎች ኮድ አብዛኛው በኤምአይቲ ተለቋል። ሆኖም ከሥራዎቿ ተነስተው የራሳቸውን የሚሠሩ ሰዎች የድርጅቱን ስም እንዳይጠቀሙ፣ የመሣሪያውንም ስም እንዲለውጡ በጽሑፍ ጠይቃለች። ሰርጅ ኤክስቲ የተባለው በጂፒኤል ሦስተኛ እትም የሚሰራጭ ነፃ ሲንተሳይዘር ክላውድስ የተሰኘውን ሥራዋን ኢፌክት አድርጎ ሲያስገባው «ኒምበስ» ብሎ ሰየመው። በዚሁ ሲንተሳይዘር ውስጥ ክሪስ ጆንሰን ኤርዊንዶውስ በሚል ስም በኤምአይቲ የለቀቃቸው ኢፌክቶችም በስሙ ተቀምጠዋል። ከኤምአይቲ ወደ ጂፒኤል መሻገር ይቻላል፣ ማስታወቂያው አብሮ እስከሄደ ድረስ። ከጂፒኤል ወደ ኤምአይቲ መመለስ ግን ያለ ባለመብቶቹ ፈቃድ አይቻልም። ጸሐፊው የሄዱት በዚህ በተዘጋው አቅጣጫ ነው።

አሁን ወደ መጨረሻው ነጥባቸው ልምጣ፤ ልቤን የነካውም እርሱ ነው። «ይህ የሀብታም አገር ሰዎች ጉዳይ ነው፤ በነፃ የተሰጠ ነገር ላይ ማንም አይከስም» ይላሉ።

መጀመሪያ ነገሩ እውነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የሙኒክ ፍርድ ቤት ጂፒኤል የሚያስገድድ መሆኑን ተቀብሎ ፈቃዱን ያልጠበቀ ድርጅት ላይ እግድ ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ የአሻንጉሊት ባቡሮችን የሚቆጣጠር ነፃ ሶፍትዌር ጸሐፊ የሆነው ጃኮብሰን ካትዘር ከተባለ ሰው ጋር ተካሶ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም ኮዱ ያለ ክፍያ የተሰጠ መሆኑ የፈቃዱን ግዴታዎች ባዶ እንደማያደርጋቸው፣ ስምንና ምንጭን መጥቀስን የመሰሉ ግዴታዎች በቅጂ መብት የሚከበሩ መሆናቸውን ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ የፓሪስ ይግባኝ ፍርድ ቤት ኦሬንጅ የተባለው ታላቅ የቴሌኮም ድርጅት በጂፒኤል የተለቀቀ ኮድን ፈቃድ ባለመጠበቁ ከ600,000 ዩሮ በላይ እንዲከፍል ፈርዶበታል። አሸናፊው አነስተኛ ድርጅት ነበር። ፈቃዱ የጠበቀው ደካማውን ነው።

የሚያሳስበኝ ግን ክሱ አይደለም። እኔ ኮድ መጻፍ የተማርኩት በሰዎች ልግስና ነው። ለድምፅ ሥራ የሚሆን ፕሮግራም ገዝቼ አላውቅም ነበር፤ የምገዛበትም አልነበረኝም። ኦዳሲቲን፣ ሶክስን፣ ሰርጅን ስከፍት ማንም ከየት አገር ነህ፣ ስንት አለህ ብሎ አልጠየቀኝም። በምላሹ የጠየቁኝ ነገር ቢኖር ስማቸውን እንዳላጠፋ፣ የሰጡኝንም መብት ከእኔ በኋላ ለሚመጣው እንዳልከለክል ነው። ይህ ለድሃ አገር ሰው ሸክም ነው ሲባል መስማት ያመኛል። ገንዘብ የሌለው ሰው ሊከፍለው የሚችለው ዋጋ ቢኖር ይህ ነውና።

ደግሞስ በካሴት ዘመን የድምፃውያኖቻችን ሥራ ገና ከመውጣቱ በየሱቁ ሲባዛ ምን እንዳልን እናስታውሳለን። ባለዜማው ስሙ ተቀይሮ፣ ድካሙ ተሸጦ፣ እርሱ ባዶ እጁን ሲቀር ያዘንነው እኛው ነን። የድምፅ መቅጃ መተግበሪያ የምንሠራው ለእነዚሁ ድምፃውያን፣ ለእነዚሁ ዘማርያን ነው። የእነርሱ ዜማ ባለቤት ሲኖረው ዜማውን የሚያሳምረው ኮድ ባለቤት የሚያጣበት ምክንያት አይታየኝም።

«ባለቤቶቹን ጠይቆ ፈቃድ ማግኘት አይቻልም» ለሚለው አጭር ሐረጋቸውም አንድ ምሳሌ ልስጥ። ቪኤልሲ የተባለው ነፃ የቪዲዮ ማጫወቻ ለአይፎን የተዘጋጀው እትም በጂፒኤልና በመደብሩ ደንብ ግጭት ምክንያት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2011 ከአፕል መደብር ወረደ። የፕሮጀክቱ ሰዎች ለዓመታት በኮዱ የተሳተፉትን ከ200 በላይ ሰዎች አንድ በአንድ አፈላልገው፣ ጠይቀው፣ አብዛኛውን ኮድ ወደ ኤልጂፒኤል አዛወሩት። እ.ኤ.አ. በ2013 በአይፎን ላይ አዲስ እትም አወጡ። ጸሐፊው ሊጠይቁት የሚገባ ሰው ቢኖር አንድ ወይም ሁለት ነው።

እነሆ አሁን በቀጥታ ለእርስዎ፣ ለጸሐፊው። ከፊትዎ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የሪቨርቡን ፋይል አናት እንደነበረ መመለስ ነው። የሶክሱን ጸሐፊ ስም፣ የኤልጂፒኤል 2.1ን ማስታወቂያና የጄዛርን መስመር መልሰው፣ ከሥሩ «ወደ ረስት ያዛወረው» ብለው ስምዎንና ቀኑን ይጻፉ። ፋይሉን ከቀረው ኮድዎ ለይተው፣ ተጠቃሚው ያን ክፍል ለውጦ እንደገና ከመተግበሪያው ጋር ማገናኘት እንዲችል አድርገው ያስቀምጡት። የቀረው ኮድ የራስዎ ስለሆነ በኤምአይቲ ሊቆይ ይችላል።

ሁለተኛውን እኔ እመርጠዋለሁ። የጄዛርን የመጀመሪያ ኮድ ያውጡ፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተነብቦ የሚያልቅ ነው። ከእርሱ ተነስተው እንደገና ይጻፉት። ርዝመቶቹን የሚያሳጥረውን «የክፍል ስፋት» መቆጣጠሪያ ያጡታል፤ የራስዎን መንገድ ፈልገው ይተኩት፣ ምናልባትም ከቀድሞው የተሻለ ይሆናል። ርዝመቶቹን ከናሙናው ፍጥነት ጋር መመጠን እንዳይረሱ፤ ለ48,000 ሲሆን 1116 ወደ 1215 ይጠጋል። በሰከንድ በሺህ የሚቆጠሩ በጣም ኢምንት ቁጥሮች ድምፁ ሲያልቅ ማቀናበሪያውን እንዳያዘገዩ ጄዛር ያስቀመጠውንም ጥንቃቄ «አያስፈልግም» ብለው አይጣሉት። እንዲህ ሲያደርጉ የኤምአይቲ ፈቃድዎ እውነተኛ ይሆናል። የሕዝብ ሀብት ስለሆነ ስም የመጥቀስ የሕግ ግዴታ የለብዎትም፤ ቢሆንም የጄዛርን ስም ይጻፉት።

አንድ የቀረ ነገር አለ፣ ከሁለቱም መንገድ ጋር የሚሄድ። ኮድዎ በኤምአይቲ ነው ብለው አምነው በራሳቸው ሥራ ውስጥ ያስገቡት ሰዎች አሉ፤ እኔ ሳይ ሁለት ፕሮጀክቶች አግኝቻለሁ፣ አንደኛው የተማሪዎች ነው። እነዚህ ልጆች ምንም አላጠፉም፤ ያመኑት አናቱ ላይ ያነበቡትን ነው። ያለፉት እትሞች ላይ የፈቃዱ ምልክት የተሳሳተ እንደነበር በግልጽ ጽፈው ያሳውቋቸው። ለመልእክቱ ረቂቅ ከፈለጉ እኔ አዘጋጃለሁ፤ አዲሱን ኮድ መስመር በመስመር የሚያነብ ሰው ካስፈለገም ከሥራ በኋላ ያለው ጊዜዬ የእርስዎ ነው።